ከመርዶ በፊት የተሰማ ፒያኖ

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የልጅ ልጄ ሕሊና በር ላይ ጠብቃ «እማዬ፣ ነጠላሽን እንዳታወልቂ፤ የምወስድሽ ቦታ አለ» አለችኝ። በእኔ ዕድሜ ሰው ተነስ ተብሎ የሚወሰደው ወደ ሆስፒታል ነውና ልቤ ደንገጥ አለ። ለካ ፒያኖ ልታሰማኝ ኖሯል። ከጉለሌ ወርደን አንድ ትልቅ አዳራሽ ገባን። የሚጫወተው ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ወጣት ነው። ሲጫወት ራሱን ይወዘውዛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንዳንዴም ከጣራው ላይ ሰው የጠራው ይመስል ቀና ይላል። አጠገቤ ያለችው ልጅ «ስሜቱ ሲያምር» እያለች ታንሾካሹካለች። ሲጨርስ ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበ፤ እኔም ጉልበቴ እስኪዘረጋ ቆየት ብዬ ተነሳሁ።

ስንመለስ ታክሲያችን አዲሱ ገበያ ሳይደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። ሕሊና ቴሌቪዥን ላይ ዘፋኞች ሲወዳደሩ እያየች ያደገች ናት፤ ለሚበላውም ለሚለበሰውም ማርክ ትሰጣለች።

«እሺ እማዬ፣ ልጁን ከአስር ስንት ሰጠሽው?»

«እኔ ለፒያኖ ተጫዋች ማርክ መስጠት ከተውኩ ቆየሁ።»

«ድሮ ትሰጪ ነበር ማለት ነው?» ብላ ሳቀች። ከፊታችን የተቀመጠው ጎልማሳም ዞር ብሎ አየኝ።

አዎ፣ አንድ ቀን ሰጥቻለሁ። የዚያን ቀን ድንጋጤ እስከ ዛሬ ለብቻዬ ስሆን ደረቴ ላይ አገኘዋለሁ። መንገዱም አልከፈት ስላለ ለሕሊና ነገርኳት። እቤት ገብቼ ደግሞ ጻፍኩት። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው፤ እንደምናገረው ብጽፍ ታዲያ አትታዘቡኝ።

ያን ማርክ በሰጠሁ ጊዜ አስራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ ክረምት ሲሆን ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ በሚወርድበት ቁልቁለት ላይ ነበር። አጥር የምንጋራቸው አቶ ተሰማ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሚስታቸውን እትዬ አስካለ እላቸዋለሁ። ከአንዲት ልጃቸው ከሰብለ ሌላ አልወለዱም። ሰብለ ገና ልጅ ሳለች የፈረንጅ መነኮሳት የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ገባችና እዚያ ፒያኖ ለመደች። ወላጅ ግቢው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እትዬ አስካለ ከአጥሩ ውጭ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ልጃቸውን ይጠብቃሉ። እኔም ገና ልጅ ሆኜ እንዝርቴን ይዤ አብሬያቸው እሄድ ነበር። ከውስጥ የብዙ ልጆች ፒያኖ ይሰማል፤ አንዱ ያቆማል፣ ሌላው ይቀጥላል። እሳቸው እንዝርታቸውን ድንገት ያቆሙና «ይቺ የኔዋ ናት» ይላሉ። በምን አወቁ ስላቸው «የልጄን እጅ ላጣው ነው?» ብለው ይስቁብኛል። ለእኔ ሁሉም ያው ነበር።

ልጅቷ አድጋ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ልትሄድ ስትል፣ ሽኝቱ ላይ እናቷን አቅፋ ያለችውን ሁላችንም ሰምተናል። «ስመለስ አጥር የለም። መጀመሪያ የምጫወተው ለአንቺ ነው፤ ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጥሻለሁ።» እትዬ አስካለ «ወንበሩ ይቅር፣ ብቻ አንቺ በደህና ነይልኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ መንገደኛ በተገኘ ቁጥር በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ቋንጣውን በእጃቸው አሰናድተው ይልኩላታል። መጻፍ ስለማይችሉ ሰላምታቸውን የሚጽፉላቸው አቶ ተሰማ ነበሩ።

አንድ ኅዳር እትዬ አስካለ ታመምኩ ሳይሉ አረፉ።

ሐዘን በገባበት ቤት ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ይለበሳል፣ ዘፈንም ሙዚቃም አይሰማም፤ የጎረቤት ሬዲዮ እንኳ ድምፁ ዝቅ ይላል። መርዶም እንዲሁ ዝም ተብሎ አይነገርም። ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው እንቅልፉን እንደጠገበ ጎህ ሲቀድ ይሄዱና፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ መኖሩን አይተው ነው። ሰው አገር ብቻዋን ያለችን ልጅ ማን ይይዛታል? ስለዚህ ተደበቀ። አቶ ተሰማ «እናትሽ ደህና ናት» እያሉ መጻፋቸውን ቀጠሉ። የእትዬ አስካለ እህት እትዬ በላይነሽ ደግሞ በእህቷ ፋንታ ስንቁን እያሰናዳች ትልካለች።

በዓመቱ፣ ለተዝካሩ ጥቂት ሲቀር፣ መስቀል አልፎ ምድሩ ቢጫ አበባ እንደለበሰ ሰብለ ልትመጣ ነው ተባለ። ከተማ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ፒያኖ እንድትጫወት ተሰናድቷል። ሙዚቃ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ይዳኟታል፤ ከወደዷት አስተማሪ ትሆናለች። ሽማግሌዎቹ አቶ ተሰማ ቤት ተሰበሰቡ። ገና እንደመጣች እንንገራት ያሉ ነበሩ። አቶ ተሰማ ግን «ከተነገራት ሐዘን መቀመጥ አለባት፤ ዓመት ሙሉ ጣቷን አታነሳም። የለፋችበት ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ትጫወት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን» አሉ። ሽማግሌዎቹም እሺ አሉ።

ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ተዋናይ ሆነ። ጥቁር ልብስ ተሰብስቦ እኛ ቤት ቆጥ ላይ ወጣ። እትዬ በላይነሽ የተቆረጠ ፀጉሯን በሻሽ አሠረች። አቶ ተሰማ ከኅዳር ጀምሮ ያሳደጉትን የሐዘን ጢም ተላጩ። ችግሩ ግንባራቸው ፀሐይ የበላው ሆኖ ጉንጫቸው ነጣ ብሎ ቀረ፤ ፊታቸው ከሁለት ሰው የተሰፋ መሰለ። እኔ ደግሞ ሰብለ ዘንድ እያደርኩ እንዳጫውታትና ሰው አጓጉል ነገር እንዳይነግራት እንድጠብቅ ተመደብኩ።

«ሙሉ፣ አፍሽን» አለችኝ እትዬ በላይነሽ። «ስለ እናቷ ከጠየቀችሽ ፀበል ሄደዋል ነው። ሌላ ቃል የለም፤ ፀበል።»

«የት ያለ ፀበል ብትለኝስ?»

«ሩቅ ያለ።»

ሰብለ መጣች። ከስታለች፣ ቁመቷ ግን ያው ነው። ሁሉንም አቅፋ ስማ ስታበቃ «እናቴስ?» አለች። እትዬ በላይነሽ ስትለማመደው የከረመችውን «ጉልበቷን አሟት ፀበል ገብታለች፤ ሱባኤዋን ሳትጨርስ አትወጣም» ብላ አወረደችው። ሰብለ የአባቷን ጉንጭ ትክ ብላ አየች። «እግዜር ይማራት» አለችና ቦርሳዋን አነሳች። በቃ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

እኔ ፀበል የምትለዋን ቃል ምላሴ ላይ ይዤ ስጠብቅ ከረምኩ፤ የሚጠይቀኝ አጣሁ። ጠዋት ልምምድ ትሄዳለች፤ ስትመለስ የአባቷ መቁረጫ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ በጣቶቿ ጨርቁን ትመታለች። ድምፅ የለም። አቶ ተሰማ በዚያ በኩል ይቆርጣሉ፣ እሷ በዚህ በኩል ትመታለች፤ ሁለቱም ቀና ብለው አይተያዩም። እትዬ በላይነሽ የሠራችውን ዶሮ ወጥ ስታቀርብላት ትጎርስና «እጅሽ ይባረክ» ትላለች። አንድም ቀን ስታለቅስ፣ አንድም ቀን እናቴ ናፈቀችኝ ስትል አልሰማኋትም። እኔ እናቴን ሦስት ቀን ባላይ አለቅስ ስለነበር ነገሩ ከነከነኝ።

ቧንቧ ስንወርድ እትዬ በላይነሽ «ፈረንጅ አገር ልብ ያደርቃል» አለችኝ። «እስቲ የት ነው ፀበሉ አይባልም? አስካለ ለዚች ነው ያን ሁሉ ዓመት አጥር ሥር የተቀመጠችው?»

እኔም ልክ ነሽ አልኳት።

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ዕድሩ አውቶቡስ ተከራይቶ ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወረደ። እትዬ በላይነሽ መንገድ ላይ ሴቶቹን ሁሉ አስማለች፤ ማንም እንዳያለቅስ። ለመተማመኛም ሎሚ እየሰነጠቀች አደለች። «እንባ የመጣባት ትምጠጥ። ምክንያት ጠያቂ ካለ ጉሮሮዬን አሞኛል ነው።» አውቶቡሱ በሎሚ ሽታ ታፈነ።

አዳራሹ በር ላይ አስተናጋጁ ከፊት ረድፍ ሲያስቀምጠን፣ ከአቶ ተሰማ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ከለከለ። «ተጫዋቿ ናት ያለችው። ለእናቴ ነው፣ ከፀበል ምናልባት ከደረሰች ብላለች።» ይህን ስንሰማ ሎሚው ሁሉ አንድ ላይ ተመጠጠ። አቶ ተሰማ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

ከዚያ ሰብለ ወጣች። ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጥቁር ለብሳለች።

በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም ልል ስል ከዚያ በኋላ የሆነው ትዝ ይለኛል።  እትዬ በላይነሽ የእጄን አንጓ ጨምድዳ «ማነው የነገራት? አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«በመድኃኔዓለም እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ጥቁሩን ማን አለበሳት?»

ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ወጣት፣ አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም፣ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ አይደንግጡ። የፒያኖ ሰዎች ሥርዓታቸው ነው፤ መድረክ ላይ ጥቁር ነው የሚለብሱት» አላት።

«ደስታም ቢሆን?»

«ደስታም ቢሆን።»

«ጉድ ነው» አለችና እጄን ለቀቀችኝ። ወሬው እስከ ረድፉ ጫፍ በጆሮ ሲሄድ፣ ትከሻ ሁሉ ተራ በተራ ሲወርድ አየሁ።

ሰብለ ተቀመጠች። ጀርባዋ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሏል። እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየችና ጀመረች። የቀጨኔ ሸማኔ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ዓይን እንደማይከተለው፣ እጆቿም እንዲያ ይተላለፉ ነበር። አንድ ጣት አይሳሳትም። ፊቷ ግን የተዘጋ በር ነው። ቅንድቧ አይነሳም፣ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፣ ራሷን አትነቀንቅም። እኛ ጨዋታ የምናውቀው ማሲንቆ የሚመታ ሰው አንገቱን ሲሰብር፣ አልቃሽ ደረቷን ስትመታ ነው። ጥሩ የሚባለው አንጀት የሚበላ ነው። ይህችኛዋ የማንንም አንጀት የምትበላ አልመሰለችም።

«ሂሳብ የምትሠራ ነው የምትመስለው» አለች በጆሮዬ እትዬ በላይነሽ።

«ጣቷ ግን ይሮጣል» አልኳት።

«መሮጥማ ፈረስም ይሮጣል።»

በመካከል አንድ ቦታ ላይ ቀስ እያለች፣ እየቀነሰች መጣችና ቆመች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ያለቀ መስሎን ጥቂቶቻችን አጨበጨብን። አላለቀም። ዝም ብላ፣ ዞር ሳትል፣ እጇን እንዳንጠለጠለች ጠበቀችን። ጭብጨባው አፍሮ ሲሞት ካቆመችበት ቀጠለች፤ በጣም በዝግታ፣ አንዲት ድምፅ ሌላዋን እየጠበቀች። ከዳኞቹ መነጽር ያደረጉት አንዱ ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው «ጥራት አላት፤ ሙቀት ይጎድላታል» ሲሉ ሰማሁ። ሙቀት ያሉት ምን እንደሆነ በትክክል ባላውቅም ራሴን ነቀነቅኩ። እኔም በልቤ ፈርጄ ጨርሼ ነበር። እናቷ አፈር ለብሳ፣ የእሷ ፊት እንጨት።

ጨረሰች። ጭብጨባው ጥሩ ነበር። እትዬ በላይነሽ «ተመስገን፣ ሳይሰማ አለቀ» ብላ እጇን ዘረጋጋች። ምስጢሩ ተጠብቋል፤ የቀረው የነገ ንጋት ብቻ ነው።

ሰብለ ለሰው እጅ አልነሳችም። በጎን በኩል ያለውን ደረጃ ወርዳ ቀጥታ ወደ እኛ መጣች። መነጽር ያደረጉት ሰውዬ ሊጨብጧት እጃቸውን ዘርግተው ተነሱ፤ አልፋቸው ሄደች። አባቷ ፊት ቆመች። ባዶውን ወንበር አየችው፤ ከዚያ እሳቸውን።

«አባባ፣ ተጫውቼ ጨርሻለሁ። አሁን ይንገሩኝ።»

  አቶ ተሰማ ለነገ ጎህ ያሰናዱት ቃል ነበራቸው፤ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ መብራት ሥር አልመጣላቸውም።

«ከገና በፊት ነው አይደል?» አለች።

እኔ የማየው ቀሚሷን ነበር። በቅርብ ሲታይ የመድረክ ልብስ አይደለም። ጥቁርነቱ ታጥቦ ታጥቦ አመድ ሆኗል፣ ክርኑ ሳስቷል፣ ጠርዙ ተተርትሮ በእጅ ተሰፍቷል። ሰው ትናንት ገዝቶ የለበሰው አይደለም፤ ወራት የኖረበት ነው። እዚያች ሴት ላይ፣ ጎኗ ተኝቼ ልቧ ደረቅ ነው ባልኳት ሴት ላይ፣ ያረጀ ሐዘን አየሁ። 

የመጀመሪያዋን ጩኸት ያወጣችው እትዬ በላይነሽ ናት። ከዚያ የተማለው ሁሉ ፈረሰ። ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ደረት እየተመታ፣ ቀይ ከፋይ በለበሱት ወንበሮች መካከል ለቅሶ ተተከለ። ከኋላ ያሉት እንግዶች ምን እንደደረሰብን ሳያውቁ ተነስተው ቆሙ። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ እሳት የተነሳ መስሏት ወደ በሩ ሮጠች። ሰብለ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠችና ያኔ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ፊቷ ተፈታ። ያን ፊት መናገር አልፈልግም።

ሐዘን ስትቀመጥ አጠገቧ ነበርኩ። ቤቱ ቀለል ያለ ቀን፣ ንፍሮ እያቀረብኩላት «እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«በበርበሬው። ጥምቀት ላይ የደረሰኝን ወጥ ሠርቼ ቀመስኩት። ኮረሪማው በዝቷል፣ ጤና አዳሙ የለም። እጇን ነው የማውቀው፤ ሌላ ሰው ነው የሠራው። ታማ ቢሆን አባባ ታማለች ይሉኝ ነበር። ደህና ናት ካሉ፣ እሷ ደግሞ ካልሠራችው… ብቻዬን ነው ያለቀስኩት። ጥቁር ገዛሁ፤ እስክመለስ ድረስ እሱን ብቻ ለብሼ ከረምኩ።»

«ታዲያ ምነው ስትመጪ አልተናገርሽም?»

«ብናገር ፒያኖውን ማን ያስነካኝ ነበር? መርዶ ካልተነገረኝ ሐዘንተኛ አይደለሁም፤ ሐዘንተኛ ካልሆንኩ ልጫወትላት እችላለሁ። ቃል ገብቼላት ነበራ። እናንተ እኔን ስትጠብቁ እኔም እናንተን ስጠብቅ ነው የከረምኩት። አንዳችሁ አልቅሳችሁ እንዳታበላሹብኝ።»

«ፊትሽ ግን ሙቀት የለውም አሉ» አልኳት፤ ሞኝነቴ።

«ፊቴ ቢፈታ ጣቴ መቼ ይሰበሰብልኛል?» አለች።

እትዬ በላይነሽ ይህን ስትሰማ የተናደደችው በሌላ ነው። «ኮረሪማው በዝቷል? በእህቴ ልክ ነው የጨመርኩት» እያለች ስንት ጊዜ አለቀሰች። ሰፈሩ ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። «እናቷ መሞቷን እያወቀች ሙዚቃ መታች» ብለው ለቅሶ የደረሱ ግን ቡና ያልጠጡላት ነበሩ። እንዲያ ያለ ነገር ሰምተው የማያውቁ አሮጊቶች ሲያማትቡ አይቻለሁ። አቶ ተሰማ አንድም ቀን አልወቀሷትም። አስተማሪነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ መነጽር ያደረጉት ሰውዬ ደግመሽ ተጫወቺልን ብለው ቢልኩባት ሐዘን ላይ ነኝ ብላ መለሰች። እውነቷን ነበር፤ አሁን ተነግሯታል። ከዓመታት በኋላ ልጆች ታስተምር ጀመር። አዳራሽ ውስጥ ሰው ሰብስባ ግን ዳግመኛ አልተጫወተችም። ያ ቀን ለእሷ በቅቷት ነበር።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ ታክሲው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ሕሊና እጄን ይዛ በመስኮት ታያለች። ዛሬማ መርዶ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው አርፎ ገላው ሳይታጠብ ወሬው በስልክ አገር ያዳርሳል፤ የሚይዘው ሰው ሳይኖር መንገድ ላይ የሚወድቀው ስንቱ ነው። የእኛም ዘመን ልክ ነበር አልልም። አንዲትን ልጅ ከልባችን አዝነንላት፣ ተማምለን፣ ሎሚ ይዘን ስንጠብቃት ብቻዋን ተውናት። ያን ሁሉ ሰው አስቀምጣ ለአንዲት ሴት ስትጫወት፣ የቀረነው ስለ ፊቷ እናወራ ነበር።

ከፊት የተቀመጠው ጎልማሳ ለካ ሲሰማ ኖሮ፣ ሊወርድ በሩን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አጨዋወቷ ግን እንዴት ነበር? ጥሩ ነበር?»

ይህን ጥያቄ በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ላስታውስ ሞከርኩ። ጀርባዋ መጣልኝ፣ አየር ላይ የቀረው እጇ መጣልኝ፤ ድምፁን ፈልጌ አጣሁት።

«አላውቅም ልጄ» አልኩት። «ከአጠገቧ ነበርኩ። ፊቷን ስጠብቅ አመለጠኝ።»